ሳይደግፉ አይፈቱም

አማርኛችን «መፍታት» በሚለው ቃል ላይ ብዙ ሥራ ጭኖበታል። ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ጾምም ይፈታል። መካኒክ ብሎን ይፈታል፤ ባልም ሚስቱን ይፈታል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። በጋራዥ ውስጥ ብሎን ከመፈታቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄና በቤት ውስጥ ያ ከባድ ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነውና፦ ይህ ሲወጣ የሚቀረውን ማን ይሸከመዋል?

ይህን ጥያቄ የሰማሁት ቀጨኔ ውስጥ ነው። ቀጨኔ በጉለሌ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የባለ እጆች ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ሸማኔዎቹና ቀጥቃጮቹ የአዲስ አበባን ሕዝብ ጀበናና ድስት፣ ነጠላና ጋቢ ሲያቀርቡለት ኖረዋል። ሕዝቡ ግን በሠሩለት ዕቃ እየበላና እየጠጣ ሠሪዎቹን ሲንቅ፣ ክፉ ስም ሲያወጣላቸው የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። ሙስሊም ይህን ንቀት የሚጋራበት አንዳችም ምክንያት የለውም። ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ካገኘው የተሻለ ምግብ እንደማይበላ፣ የአላህ ነቢይ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ ደግሞ በሙስሊም ዘገባ እናገኛለን። ቁርኣን ብረት ለዳውድ እንደተለሰለሰላቸው፣ ጥሩር ሲሠሩም ቀለበቶቹን እንዲመጥኑ እንደታዘዙ ይነግረናል (ሰበእ 34፡10-11)። ትእዛዙ መሥራትን ብቻ ሳይሆን መመጠንንም እንደሚጨምር ልብ ይሏል።

የቀጨኔ መንገድ ዳገት ነው። ከሰሜን ማዘጋጃ ሽቅብ የሚወጣ ታክሲ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ዳገቱ መሐል ቆሞ ተሳፋሪ የሚጭን ሾፌር እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ አያነሣም። እንዲህ የሚሠራበት መኪና ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል፤ ካምቢዮውም ይታመማል። እኔም ወደዚያ የሄድኩት ማርሽ አልገባ ያለ ቶዮታ ኮሮላ ይዤ ነበር። ጋራዡ በቆርቆሮ የታጠረ ትንሽ ግቢ ነው። ባለቤቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ፣ በጉርብትና ግን የቅርብ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

ረዳታቸው አሥራ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ቁልፍ ይዞ ከመኪናው ሥር ሊገባ ሲል፣

«አንተ ልጅ፣ ምን ደግፈህ ነው የምትፈታው?» አሉት።

«ጋሼ፣ ካምቢዮውን እኮ በክሪክ ይዤዋለሁ።»

«እሱማ የሚወጣው ነው። እኔ የጠየቅሁህ ስለሚቀረው ነው።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እንደ ኮሮላ ባለ የፊት ጎማው በሚነዳ መኪና ውስጥ ሞተሩና ካምቢዮው ጎን ለጎን ተጋጥመው በመኪናው ወርድ ተቀምጠዋል። ሁለቱ በጋራ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ፣ ጎማ ባላቸው መቀመጫዎች ከመኪናው አካል ጋር ታስረዋል። ከእነዚህ መቀመጫዎች ገሚሶቹ የሚታሰሩት ከካምቢዮው ጋር ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ሲወጣ እነዚያ ማሰሪያዎች አብረው ይፈታሉ። ሞተሩ አንዳች ሕመም የለበትም፤ ነገር ግን በአንድ ወገኑ የሚይዘው ያጣና ያጋድላል። ሲያጋድል የራዲያተሩን ቱቦ ይጎትታል፣ ሽቦ ይበጥሳል፣ የቀሩትን መቀመጫዎች ጎማ ይቀድዳል። ሲከፋም ከሥሩ በተኛው ሰው ላይ ይወርዳል። እንደ ላዳ ባለ የኋላ ጎማው በሚነዳ መኪና ደግሞ ሞተሩ ከፊት በሁለት መቀመጫ ላይ ያርፋል፤ ከኋላ የሚያርፈው ግን ካምቢዮውን በያዘው ድጋፍ ላይ ነው። ያ ሲፈታ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዘነበላል። የመኪናው ዓይነት ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

ጋሼ ሥራውን በሥርዓት አስጀመሩት። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆመ፤ ለኋላ ጎማዎቹ ታኮ ተደረገላቸው፤ የባትሪው ገመድ ተነቀለ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በአራት የብረት መቆሚያ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ጠንካራ ብረት በመኪናው ወርድ፣ ከሞተሩ በላይ ተጋደመ። ጫፎቹ በግራና በቀኝ በጠንካራው የመኪናው አካል ላይ ዐረፉ። ከብረቱ የወረደ ሰንሰለትም ፋብሪካው ለማንሻ ብሎ በሞተሩ ላይ በሠራው ጆሮ ገባ። ይህ ብረት የሌለው መካኒክ ሞተሩን ከሥር በክሪክ ይደግፋል። ያን ጊዜ ግን በክሪኩና በዘይት ቋቱ መካከል ወፍራም ጣውላ ማስገባት ግድ ነው። የዘይት ቋቱ ስስ ቆርቆሮ ነው። ክሪኩ በቀጥታ ካረፈበት ይሰረጎዳል፤ የተሰረጎደው ቆርቆሮ ዘይት የሚስበውን ቱቦ አፍ ከዘጋውም ጤነኛው ሞተር ዘይት አጥቶ ይቃጠላል። ካምቢዮውም የራሱን ክሪክ ይፈልጋል። ብሎኖቹ ተፈትተው ክብደቱ በዘንጉ ብቻ ቢንጠለጠል የፍሪሲዮኑን ሸራ ያጣምመዋል። የሚወጣውም የሚቀረውም እያንዳንዱ የራሱ ድጋፍ አለው ማለት ነው።

ልጁ ሰንሰለቱን እያጠበቀ ሄዶ ሞተሩ ሽቅብ መነሣት ሲጀምር ጋሼ እጁን ያዙት። «በቃ! ተሸከመው እንጂ አትግፋው» አሉት። ከልክ በላይ የተነሣ ሞተርም የቀሩትን መቀመጫዎችና ቱቦዎች ይጎዳልና ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እናቴ እርጥብ ገንቦ በአፉ ይዛ አንሥታ አታውቅም። ከሥሩ ነበር የምትይዘው፤ በቀስታ፤ ሳትጨምቀው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልጆቻቸውን ጋራዥ ገብተው ሙያ እንዲማሩ ለላኩ ቤተሰቦች አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም። በውስጡ ያለው ዘይት ሲያፈስ ሳይታሰብ ዝቅ ይላል። ብሎኬትም ከክብደት በታች ድንገት ይፈረካከሳል። በክሪክ ወይም በብሎኬት ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ጀግንነት አይደለም፤ ተወኩልም አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል (አል-በቀራህ 2፡195)። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንደመለሱለት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ልጃችሁ ማታ ሲመለስ ስንት እንደተከፈለው ከመጠየቃችሁ በፊት ምን ደግፎ እንደሠራ ጠይቁት።

ውድ አንባቢያን! ይህን የጋራዥ ወግ ያነሣሁት መኪና ላስተምር ብቻ አይደለም። በየቤታችን አንድ አካል ከቦታው የሚነሣበት ጊዜ አለ። አባት ይሞታል፤ እናት እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች፤ ባልና ሚስት ይፋታሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ዓይናችን ሁሉ የሚያርፈው በወጣው ላይ ነው። የቀረው፣ ጤነኛው፣ ምንም ያላጠፋው እያጋደለ መሆኑን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ አልነበሩም። ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች ቃል አቀባይ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (629 እ.ኤ.አ.) በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ምድር የወለዷቸውን ትንንሽ ልጆች ይዘው ቀሩ። መርዶው መዲና ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ምክንያቱንም ቤተሰቡን ከሥራ የሚያግድ ነገር ስለደረሰበት መሆኑን እንደገለጹ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ኋላም እናታቸው የልጆቹን የቲምነት ስታነሣ፣ እርሳቸው በዱንያም በአኼራም ለልጆቹ ወሊይ ሆነው ሳለ ድህነት እንዳትፈራላቸው እንደነገሯት በአሕመድ ዘገባ ተላልፏል። እነሆ የመጀመሪያው ድጋፍ ንግግር አልነበረም፤ ምግብ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ተጠሪ ነበር። አንደኛው የዛሬውን ክብደት ሲቀበል፣ ሌላው የነገውን ተቀበለ።

ሞት በአላህ ቀድር የሚመጣ ነው፤ ቀኑን እኛ አንመርጠውም። ፍቺ ግን በገዛ እጃችን ቁልፍ ይዘን የምንፈታው ብሎን ነው። ስለዚህም ሸሪዓችን ብሎኑ ከመነካቱ በፊት፣ ሲፈታና ከተፈታም በኋላ ድጋፍ አዘጋጅቶለታል። በቁርኣን ውስጥ በፍቺ ስም የተጠራ፣ አሥራ ሁለት አንቀጾች ያሉት አንድ ሙሉ ሱራ አለ፤ አጥ-ጦላቅ። ባል በማንኛውም ሰዓት በቁጣ ተነሥቶ እንዲፈታ አልተተወም። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ባለቤታቸውን በወር አበባዋ ጊዜ በፈቱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲመልሷትና ተገቢውን ጊዜ እንዲጠብቁ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ጊዜው ራሱ ድጋፍ ነው። የቁጣው ግለት በርዶ የሚቀረውን ለማየት ዓይን ይሰጣል።

ቃሉ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ዒዳ አለ። የወር አበባ ለምታይ ሴት ሦስት ቁርእ (አል-በቀራህ 2፡228)፣ ለማታይ ሦስት ወር፣ ለነፍሰ ጡር እስክትወልድ ድረስ (አጥ-ጦላቅ 65፡4)። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግልጽ የሆነ ጸያፍ ድርጊት ካልፈጸመች በቀር ሚስት ከቤቷ አትባረርም፤ እርሷም አትወጣም። ምናልባት አላህ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሊያመጣ ይችላልና በሩ ክፍት ይተዋል (65፡1)። ባል እርሱ በሚኖርበት፣ እንደ አቅሙ እንዲያኖራት፣ ሊያጠብባትም ብሎ እንዳይጎዳት ታዟል (65፡6)። ጡት ለሚጠባ ልጅ እናቱን መመገብና ማልበስ በአባት ላይ ነው፤ እናትም በልጇ፣ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዱ ተከልክሏል (አል-በቀራህ 2፡233)። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አለመግባባት ሲፈራ አንድ ሽማግሌ ከእርሱ፣ አንድ ሽማግሌ ከእርሷ ወገን እንዲላክ ታዟል (አን-ኒሳእ 4፡35)።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ! ከእነዚህ ድጋፎች ስንቱን በቤታችን እናያለን? በብዙ ቤት ቃሉ ማታ ይነገራል፤ ሚስት በዚያው ማታ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ካምቢዮው መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ድጋፍ ፍለጋ ይኬዳል።

ከዚያ የጋራዥ ቀን ጥቂት ወራት በኋላ በዘመድ በኩል ለሽምግልና ተጠራሁ። ዝርዝሩ የሰው ገመና ነውና ይቅር። ባል በቁጣ አንድ ጊዜ ፈትቷል፤ ሚስት ወላጆቿ ቤት ናት፤ ሦስት ልጆች አባታቸው ዘንድ ቀርተዋል። ሸንጎው ከዐስር እስከ መግሪብ ተቀምጦ ማን እንደጀመረ፣ ማን ምን እንዳለ፣ የማን እናት ጣልቃ እንደገባች መረመረ። ስለሚወጣው ብዙ ተባለ። በመጨረሻ በር አጠገብ የተቀመጡት የባልየው እናት፣ «ትንሿ ልጅ የእናቷን ነጠላ ታቅፋ ነው የምትተኛው፤ ምግብም እንቢ ብላለች» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስለ ልጆቹ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ባልየው ሾፌር ነው። «ወንድሜ፣ ካምቢዮ ሲወርድ ሞተሩን ምን ያደርጉታል?» አልኩት። «ይደገፋል እንጂ» አለ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። እኔም ሌላ አልጨመርኩም። ከመካከላችን የነበሩት ኡስታዝ ከሱረቱ ጦላቅ ያሉትን ድንጋጌዎች አንድ በአንድ አስረዱት። በማግስቱ እናትየዋ ዒዳዋን ልትጨርስ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አንባቢ ታረቁ ብዬ እንድጨርስ ይጠብቅ ይሆናል። አልታረቁም። ዒዳው አለቀ፤ ተለያዩ። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየሳምንቱ እየተገናኙ አንድ በአንድ መደቡ። ልጆቹ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ የትምህርት ቤቱን ማን ይሸፍናል፣ ጁሙዓና ዒድ ከማን ጋር ያሳልፋሉ? በሁለቱም ፈቃድ ጉዳዩ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርቦ በጽሑፍ ጸና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ይህን መንገድ ክፍት አድርጎታል፤ በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 188ም የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በትዳር፣ በፍቺ፣ በቀለብና በልጆች ሞግዚትነት ጉዳይ ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ እንዲዳኙ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። እናም ካምቢዮው ተመልሶ አልተገጠመም፤ ሞተሩ ግን አልወደቀም። ልጆቹ ትምህርታቸውን አላቋረጡም። ትንሿም የምትተኛበትን ቤት አስቀድማ ታውቃለች።

በዚያ ሽምግልና የጋሼ ሁለተኛ ትምህርትም አስፈልጎናል። ተሸከመው እንጂ አትግፋው ያሉት ነው። ከሁለቱም ወገን ረዳን እያሉ የሚገፉ ዘመዶች ነበሩ። አንዱ «ቤት እሰጥሃለሁ፣ ሌላ አግባ» ይላል፤ ሌላዋ «ልጆቹን ከልክይው፣ ያኔ ያውቀዋል» ትላለች። ይህ ድጋፍ ይመስላል፤ ሥራው ግን ያለ ጣውላ ስስ ቆርቆሮ ላይ እንዳረፈ ክሪክ ነው። እውነተኛ ደጋፊ ክብደቱን ተቀብሎ ዝም የሚል ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ዘይትና ዱቄት ይልካል፤ የአንዱን ክፉ ለሌላው አያደርስም። አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ፍቺ በሚናገርበት ቦታ በመካከላችን ያለውን ችሮታ እንዳንረሳ ማሳሰቡ (አል-በቀራህ 2፡237) ከንቱ አይደለም።

ሦስተኛም አለ። ካምቢዮው ተጠግኖ ሲመለስ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ብሎኖች እንዳስገባ ሰንሰለቱን ሊያላላ ፈልጎ ነበር። ጋሼ መቀመጫዎቹ ሁሉ ቦታቸው ገብተው፣ ብሎኖቹም አንድ ሳይቀር እስኪጠብቁ ድረስ አልፈቀዱለትም። ቢታረቁም ቢለያዩም የእኛ ሽምግልና ብዙውን ጊዜ የሚበተነው ዱዓ በተደረገ ማግስት ነው። የታረቁት የመጀመሪያው ኩርፊያ ሲመጣባቸው፣ የተለያዩትም የመጀመሪያው የዒድ ቀን ሲደርስባቸው አጠገባቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሽማግሌ እስከዚያ ድረስ ይቆይ። ጎረቤትም ይቆይ። ኢማሙም ይጠይቅ።

እንግዲህ በጀመዓችን፣ በዕድራችን፣ በዘመድ ጉባኤ አንድ ቤት ሊፈታ ነው ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ጥፋቱ የማን ነው?» አይሁን። እርሱም ጊዜ አለው። አስቀድመን እንጠይቅ፦ ዛሬ ማታ ልጆቹ የት ያድራሉ? ማን ያበላቸዋል? እናታቸውስ በየትኛው ጣሪያ ሥር ናት? አባታቸውስ ብቻውን ምን እያሰበ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ ቁልፍ አይነሣ።

ያ አላህ! ትዳራችንን በእዝነትህ አጽናልን። መለያየትን የወሰንክባቸውንም በመልካም አለያያቸው፤ ልጆቻቸውን ከመውደቅ ጠብቅልን። እኛንም ሳይገፉ የሚደግፉ፣ ሳይሰለቹ የሚቆዩ ባሮችህ አድርገን። አሚን።